አለሁ የሚለው ድምፅ

ኤልያና በአስፈሪ የቪዲዮ ጨዋታ መደንገጥ ካቆመች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ነቬ ኢታማር በሚባለው ሰፈር ባለው አፓርታማቸው፣ ሳሎኑ ወለል ላይ ተቀምጠው፣ ከታላቅ ወንድሟ ከኦሪ ጋር ያልጨረሱት ጨዋታ አልነበረም። እናታቸው የሺአረግ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ስትንከባከብ ትውላለች። እነሱ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ መጋረጃውን ይዘጉና ይጀምራሉ። መጀመሪያ ላይ ኤልያና ፊቷን በትራስ ትሸፍን ነበር። ውሎ አድሮ ግን ሁለቱም የጨዋታዎቹን አመል አወቁት። ሙዚቃው ድንገት ዝም ካለ አንድ ነገር ሊዘል ነው። ጥይትና መድኃኒት በብዛት ከተገኘ የሚቀጥለው ክፍል ውስጥ ትልቁ ጭራቅ ተቀምጧል።

«አሁን በግራ» ይላል ኦሪ። ጭራቁ በግራ ይመጣል። ይስቃሉ።

ኦሪ ሲያድግ ይህንኑ እንጀራው አደረገው። ከውትድርና ሲመለስ ድምፅ መቅረጽ ተማረ፤ ከዚያ ከአብሮ አደጉ ከጋዲ ጋር መሀል ከተማ፣ ከጫማ መሸጫ በላይ አንዲት ክፍል ተከራይተው የራሳቸውን ጨዋታ መሥራት ጀመሩ። ኤልያና ደግሞ ባሕር ዳርቻው ላይ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ሆና ተቀጠረች። አርብ አርብ እናታቸው ቤት ሲገናኙ ስለ ጨዋታው ትጠይቀዋለች።

«ጭራቁ ምን ይመስላል?»

«ጭራቅ የለውም።»

«ታዲያ ምኑ ያስፈራል?»

«አንቺን ያስፈራሽ ለት ጨረስኩ ማለት ነው» ይላታል፤ ከዚያ በላይ አይነግራትም።

ባለፈው የዝናብ ወራት ኦሪ በሞተር ብስክሌት ወደ ቤቱ ሲመለስ እርጥቡ መንገድ አንሸራተተውና የጭነት መኪና ስር ገባ። ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ።

ለቀስተኛው ሰባቱን የሐዘን ቀን ቤቱን ሞልቶት ሰነበተ፤ ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። የሺአረግ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ስለ ልጇ አታወራም። ሰው ስሙን ሲያነሣ ብድግ ብላ የታጠበውን ሰሃን እንደገና ታጥባለች። ኤልያናም ዝም ማለት ለመደች። ጨዋታ ግን አልነካችም፤ አጠገቧ ተቀምጦ «አሁን በግራ» የሚላት ሳይኖር ለማን ብላ ትጫወታለች?

ከፔሳሕ፣ ከቂጣው በዓል በኋላ ጋዲ ደወለላት።

«ጨዋታው አልቋል ማለት ይቻላል» አላት። «ግን ገበያ ላይ የሚያወጡልን ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ጭራቅ ጨምሩ፣ ጩኸት ጨምሩ እያሉን ነው። ኦሪ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ምንም እንዳይነካ ብሎኝ ነበር። እኔ እያየሁት ስለኖርኩ መፍረድ አቃተኝ። አንቺ ነይና ሞክሪው።»

በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ ሄደች። ጋዲ የጆሮ ማዳመጫውን በእጁ እንደያዘ ትንሽ ቆመ።

«የልጁ ድምፅ የኦሪ ነው» አላት። «ኮቴውም፣ ትንፋሹም የሱ ነው። ሳትሰሚ ልንገርሽ ብዬ ነው።»

«እሺ። አምጣው» አለችው።

ጨዋታው በጭጋግ የተሸፈነ ጠባብ የተራራ መንገድ ነው። ተጫዋቹ ከፊት ይሄዳል፤ አንድ ልጅ ከኋላው ይከተለዋል። ልጁ አይታይም፤ ዞር ቢሉ ያለው ጭጋግ ብቻ ነው። ኮቴው ግን ይሰማል፤ ጠጠሩን ሲረግጥ፣ ሲደናቀፍ፣ ሲዘገይና ለመድረስ ሲሮጥ። አንዲት ቁልፍ አለች። እሷን ሲጫኗት ተጫዋቹ «አለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ልጁ በሹክሹክታ፣ በእናታቸው ቋንቋ በአማርኛ «አለሁ» ይላል።

ኤልያና የመጀመሪያውን «አለሁ» ስትሰማ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ቀጠለች። እንደ ልማዷ ጭራቁ የሚደበቅበትን ቦታ በዓይኗ ፈለገች፤ ከቋጥኙ ጀርባ፣ ከወደቀው ግንድ ስር። የትም ምንም አልነበረም። ወንዝ ተሻገሩ፤ ገደል ገደሉን ሄዱ። ልጁ እየተከተላት ነው። ሳታስበው ቁልፏን ቶሎ ቶሎ መጫን ጀምራለች።

«አለህ?»

«አለሁ።»

ከአንድ መታጠፊያ በኋላ እንደገና ጠራችው። መልስ የለም።

ጨዋታው የተበላሸ መስሏት ነበር። ከዚያ የሚዘለውን ነገር ጠበቀች፤ አልመጣም። ቆማ አዳመጠች፤ ነፋስ ብቻ። ጠራችው፤ ደጋግማ ጠራችው። ብዙ የተጫወተ ሰው ሲሸነፍ ጥፋቱን ነው የሚፈልገው። ያላነሣሁት ዕቃ ይኖራል፣ ሮጬበት ይሆናል ይላል። ኤልያናም ከመጀመሪያው ጀመረች። አሁን ቀስ ብላ ሄደች፤ በየመታጠፊያው ቆማ ጠበቀችው። ልጁ ወንዙን እንኳ ሳይሻገር ዝም አለ።

«ቦታው ሁልጊዜ ይለያያል» አለ ጋዲ ከኋላዋ። «ምንም ብታደርጊ አይቀርም።»

ማዳመጫውን አወለቀች። ስንቱን ጭራቅ አሸንፋለች፤ እዚህ ግን የምታሸንፈው ነገር አልነበረም፤ የምታርመው ስሕተትም አልነበረም። ዝም ካለው ልጅ ጋር ብቻዋን መንገድ ላይ ቀርታለች።

«ምንም እንዳትጨምሩበት» አለች። «ኦሪ ይህን ከየት አመጣው?»

«ከቤት ነው ያመጣሁት አለኝ። ሌላ አልነገረኝም።»

እናቷ ቤት ስትደርስ የሺአረግ ወጥ ቤት ቆማ ድንች ትልጣለች። ኤልያና አጠገቧ ሄዳ ያየችውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረቻት፤ መንገዱን፣ ጭጋጉን፣ ከኋላ የሚከተለውንና ድምፁ የኦሪ የሆነውን ልጅ። «አለሁ» የሚለው ላይ ስትደርስ የሺአረግ ቢላዋውን አስቀመጠች። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ለሱ ብቻ ነው የነገርኩት» አለች። «አንድ ቀን መኪና ተውሶ ወደ ሥራ ሲያደርሰኝ መንገዱ ተዘጋግቶ መኪና ውስጥ ቆየን። ያኔ ከአገር ስትወጡ ሱዳን እንዴት ደረሳችሁ ብሎ ጠየቀኝ። ለወትሮው ደረስን ነው የምለው። ያን ቀን ነገርኩት።»

«ምን አልሽው?»

«ታናሽ እህት ነበረችኝ። ዓይናዲስ ትባላለች።»

ኤልያና ይህን ስም ሰምታው አታውቅም።

«በልጅነታችን ነው። በጨለማ ነበር የምንሄድ፤ ሽፍታ እንዳይሰማን ድምፅ አታሰሙ ተብለናል። መንገዱ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያሳልፍ። እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላዬ። እጇን መያዝ አይቻልም። እና ቀስ ብዬ አለሽ እላታለሁ፤ አለሁ ትለኛለች። ኮቴዋንም እሰማለሁ። ኋላ አለሽ አልኳት፤ ዝም። ዞርኩ፤ ጨለማ ነው። ልመለስ ስል መንገድ መሪው ክንዴን ይዞ ጎተተኝ። ሌላው ሰው ሁሉ ይሄዳል። ሲነጋ ፈለጓት። አላገኟትም። ወደቀች እንደሁ፣ ደክሟት ተቀመጠች እንደሁ፣ አውሬ እንደሁ፤ እስተዛሬ አላውቅም ልጄ።»

ኤልያና የእናቷን እርጥብ እጅ ያዘች። የሺአረግ «ድምፁ አለ አልሽ?» ብላ ጠየቀች። «ውሰጅኝ።»

ጋዲ ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበላት። «ይቀመጡ» ብሎ የራሱን ወንበር ሰጣት። የጆሮ ማዳመጫውን ኤልያና ሻሿን ሳትነካባት አደረገችላት፤ ጣቷን ቁልፏ ላይ አስቀመጠችላት። የሺአረግ ተጫነች። ኤልያናና ጋዲ ምንም አልሰሙም፤ ፊቷን ብቻ አዩ። አፏን በእጇ ያዘች። እንደገና ተጫነች። መንገዱን አልጀመረችም፤ እዚያው መነሻው ላይ ቆማ ልጇን ትጠራዋለች፣ ይመልስላታል፣ ትጠራዋለች፣ ይመልስላታል። ጋዲ ወደ መስኮቱ ዞረ።

በመጨረሻ «ወደ ፊት ሲኬድ ነው የሚጠፋ?» አለች።

«አዎ፣ ኢማ» አለቻት እናቷን። «ከዚህ ካልተነሣን አይጠፋም። እዚሁ መቆም እንችላለን።»

የሺአረግ አሰበች። «የለም፣ ሂጂ» አለች። «እኔ አላውቅበትም፤ አንቺ ሂጂልኝ።»

ኤልያና መንገዱን ጀመረች። እናቷ ማዳመጫውን አድርጋ በየመሀሉ ቁልፏን ትጫናለች። ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ተጫነች፤ ጠበቀች፤ እንደገና ተጫነች። ዝም እንዳለ ኤልያና ከፊቷ አወቀች።

«በቃ፣ እናቁም?» አለቻት።

«መመለስ ይቻላል?»

ኤልያና ወደ ጋዲ አየች። እንዲህ ያሉ ጨዋታዎች ያለፉትን መንገድ ከኋላ ይዘጉታል።

«ይቻላል» አለ ጋዲ። «እንዝጋው ብዬው ነበር፤ ክፍት መተዉ ብዙ ሥራ ነው ያስከተለብን። ኦሪ ግን እንቢ አለ። የሚመለስ ሰው ይኖራል አለኝ።»

የሺአረግ ይህን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። «ለኔ ነው» አለች። «ለኔ ነው የተወው፣ ልጄ።»

ተመለሱ። ገደሉን ወረዱ፣ ወንዙን ተሻገሩ። የሺአረግ ወደ ስክሪኑ ተጠግታ ቋጥኙን ሁሉ፣ ቁጥቋጦውን ሁሉ ታያለች። «እዚያ ጋ እይ» ትላለች፤ ኤልያና ሄዳ ታያለች። «ከዚያ ስርስ?» እዚያም የለም። እየፈለጉ መነሻው ድረስ ሄዱ። መንገዱ ባዶ ነበር።

የሺአረግ ማዳመጫውን ራሷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ሁለቱንም ፈለግናቸው» አለች።

ሲወጡ ጋዲ የኦሪን ድምፅ ስልኳ ላይ ይጭንላት እንደሆነ ጠየቃት። የሺአረግ አመስግና እንቢ አለችው። «ብጠራው አለሁ ይለኛል፤ የት ነህ ስለው አይነግረኝም። ምን ያደርግልኛል ልጄ?»

ጨዋታው በዚያው በጋ ወጣ፤ ጭራቅ አልተጨመረበትም። የጋዲ ሥራ ተሳካለት። ተጫዋቾች ከየአገሩ እንዲህ ፈርተን አናውቅም እያሉ ይጽፉለታል፤ ልጁን የሚያድኑበት መንገድ ካለ የሚጠይቁም አሉ። ኤልያና አንዱንም አላነበበችም።

ከጋዲ ዘንድ በተመለሱበት ቀን ግን አውቶቡስ ውስጥ እናቷ በመስኮት እያየች፣ ሳትጠየቅ፣ ስለ ዓይናዲስ አወራች። ጸጉሯ ቀላ ያለ ነበር፤ ኮልታፋ ነበረች፤ ሲቆጧት ትስቃለች። ከዚያ ወደ ኦሪ ተሻገረች፤ እሱም ሕፃን እያለ ሲቆጡት ይስቅ ነበር አለች። ኤልያና መውረጃቸው ሲያልፍ አየች፤ እናቷ እንዳታቋርጥ ብላ ዝም አለች።