አማት ያለችበት ሳጥን

ኮት ከከብት ሰፈሩ የተነሣው ጎህ ሳይቀድ ነው። የባሮን ወንዝ ይዞ ሽቅብ፣ የተቃጠለ ሣር እየረገጠ መጥቶ መንደሩ ሲደርስ እግሩ ዝሏል፣ ጉሮሮው አመድ ለብሷል። እንዲህ ደክሞት የመጣ ሰው ቢያንስ ውሃ ይጠይቃል። እሱ ውሃም አልጠየቀም፤ ቀጥታ ወደ ገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አቀና።

የመጣበት ጉዳይ አንድ ነው፤ የባሮ ዳር ማሳው። ወንዙ ሲሸሽ አባቱ በቆሎ ይዘራበት የነበረ፣ እሱም የሚዘራበት ጥቁር አፈር ነው። የማኅበሩ ሊቀመንበር ኩዌት ግን አምና «ለጋራ እርሻ» ብሎ ዙሪያውን ችካል ተከለበት። የጋራ እርሻ ማለት የኩዌት ወንድሞች የሚያርሱት እርሻ ማለት እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ማወቅ ደግሞ ችካል አይነቅልም። ዘንድሮ ከኩዌት ጋር የሚወዳደረው ሩአች በሰው ፊት «እኔ ከተመረጥኩ ያን ችካል በነጋታው እነቅላለሁ» ብሎ ተናገረ። ኮትን ከከብቶቹ ነጥሎ ያን ሁሉ መንገድ ያስኬደው ይህ ቃል ነው።

ድሮ ምርጫው በእጅ ማውጣት ነበር። ኩዌት ፊት ለፊት ቆሞ የማን ክንድ እንደተነሣ፣ የማን እንደታጠፈ ያያል፤ ያየውንም አይረሳም። ዘንድሮ ከበላይ ትእዛዝ መጣና በወረቀት ሆነ። ማንበብ ለማይችለው ሲባል ለኩዌት ዝሆን፣ ለሩአች ዓሣ ተሣለላቸው። አውራ ጣትህን ቀለም ውስጥ ነክረህ ከፈለግኸው ሥዕል ላይ ታሳርፋለህ፣ ታጥፋለህ፣ ሳጥን ውስጥ ትጨምራለህ። ስም የለው፣ ክንድ የለው። ኮት ማንበቡንስ ያውቅበታል፤ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት ከተቀበሉት አንዱ ነው። ሆኖም ማኅበሩ ጸሐፊ ሲፈልግ ኩዌት «የእሱ ፊደልማ እንደ በሬው ከሲታ ነው» ብሎ አስቆበት አለፈው። የበሬው ነገር ይመጣል።

ከሮቃው ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ የተቀመጠው ካድሬ ዘገየ ይባላል። ከደጋ ተመድቦ የመጣ፣ ዓይኑ በወባ ቢጫ የሆነ ሰው ነው። ለኮት ወረቀቱን ሰጠው። ኮት ከሸምበቆው መከለያ ጀርባ ገብቶ አውራ ጣቱን ዓሣው ላይ አሳረፈ፤ እስኪደርቅ እፍ አለበት፤ አራት ላይ አጥፎ በመዳፉ ጨበጠው። ከዚያ ወደ ጽሕፈት ቤቱ በር ተራመደ።

በሩ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ከውስጥ የትምባሆ ጭስ ወጣ። ቀጥሎ ረጅም ፒፓ፣ ከፒፓው በታች የአሮጊት ጉልበት ታየው። ኮት እባብ እንደረገጠ ሰው ዞሮ ከቤቱ ጎን ካለው ረጅም ሣር ውስጥ ገባ።

ኛኬር ናት፤ የሚስቱ እናት። ከሳጥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች።

«እንኳን ደህና መጣህ፣ ታላቃችን» አለ አንድ ድምፅ ከሣሩ ውስጥ። ኪየር ነው፤ የኛኬርን ሁለተኛ ልጅ ያገባው። በጀርባው ተጋድሞ ሰንበሌጥ ያኝካል። ከእሱ ወዲያ የቀሩት አማቾች በየሣሩ እንደ ድርጭት ተሸጉጠዋል። «ቦታ አለ፣ ግባ። እኛ ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ድምፅ እየሰጠን ነው፤ ለጉንዳኑ።»

በእነሱ ዘንድ አማች ከአማቱ ፊት አይቆምም። ልጅ ሲወለድ ነገሩ የሚለዝብበት ቤት አለ፤ የኛኬር ቤት ግን አይደለም። ደግሞ ኛኬር የወለደችው ሴት ብቻ ነው፤ ልጆቿን ያገቡት ሁሉ የሩአች ወገን ናቸው።

«ማን አስቀመጣት?» አለ ኮት።

«ማን ያስቀምጣታል? ኩዌት ነዋ! 'ሴቶች መብታቸው ይከበር፣ ታዛቢ ይኑራቸው' ብሎ። አስጨበጨበም። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ማንን እንደሚያስቀምጥ መች አወቅሁ!»

ከዚያ ኪየር ሰንበሌጡን ተፋና ዓይን ዓይኑን አየው። ሌሎቹም በክርናቸው ተነሡ። የሚጠብቁት ምን እንደሆነ ኮት አውቆታል። አማች በሚያልፍበት መንገድ አማት ካለች የልማዱ መላ ቀላል ነው። ታላቁ አማች ከሩቅ ሆኖ ጉሮሮውን ይጠርግና ጮክ ብሎ ያስላል። እሷ ሳሉን ስትሰማ ጨርቋን ተከናንባ ገለል ትላለች። አንድ ሳል ነው። ግን ታላቁ ሳያስል ታናሹ ቢያስል ታላቁን እንደ ሞተ መቁጠር ነውና ማንም አይደፍረውም።

«በል እንግዲህ» አለ ኪየር። «ጉሮሮ የተሰጠህ ለዚህ ቀን ነው።»

«አላስልላትም።»

«ማሳህ እኮ ነው፣ ሰውዬ!»

«አላስልላትም አልኩህ።»

የበሬው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሚስቱን ኛዴንግን ሊያገባ ከብት ሲነዳ፣ ሽማግሌው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ኛኬር ከማጀት ሆና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ይሄ በሬ ነው ወይስ የበሬ ጥላ?» አለች። ሰው ሳቀ። በሬው በዚያ ዓመት ታሞ ነበር፤ ማንም አልጠየቀም። ከዚያን ቀን ወዲህ ኮት «ባለጥላው» ተባለ። ልጆች ወለደ፣ ከብቱ በዛ፣ ጸጉሩ ሸበተ፤ ስሙ ግን ባለጥላው ነው። ለዚያች ሴት ማሳል ማለት እባክሽ ተነሽልኝ ማለት ነው። እሷን እባክሽ ከሚል ጉሮሮው ይዘጋ! እሷ ባለችበት መንገድ ሁሉ ሲዞር የኖረው፣ አንዴም ያላሳለው ለዚህ ነው። ኩዌትም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ሳጥኑን የቆለፈው በሴትዮዋ ሳይሆን በኮት ቂም ነው።

ፀሐዩ ሲበረታ ዘገየ እየተጎተተ ወደ ሣሩ መጣ።

«ጓዶች፣ ምን ሆናችሁ ነው ሣር ውስጥ የተደበቃችሁት? ሽፍታ ያለ መሰለኝ እኮ!»

ኪየር በሚችለው አማርኛ አስረዳው። «ጓድ፣ አማት አለ። ሳጥን ጋ አማት አለ። እኛ አማት አናይም። አንተ ሴትዮ አስነሣልን።»

ዘገየ ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ። «እኔ ላስነሣቸው አልችልም። የሴቶች ማኅበር ታዛቢ ናቸው፤ ካድሬው ሴት ከቦታዋ አባረረ ተብሎ ይጻፍብኛል። በገዛ ፈቃዳቸው ከተነሡ ግን ማን ይከለክላቸዋል?»

«በገዛ ፈቃድ መንገድ አለ» አለ ኪየር ወደ ኮት በአገጩ እየጠቆመ። «ይሄ ሰው አንዴ 'እህህ' ቢል አለቀ። ግን ቂም አለው።»

«ሳል ይዞ ስርቆት፣ ቂም ይዞ ጸሎት ይባላል እኛ አገር» አለ ዘገየ፣ ድካም ባለው ፈገግታ። «ቂም ይዞ ምርጫም አለ ለካ!» ከዚያ ቁጢጥ አለ። «ፈረንጅ አገር እኮ እንዲህ አይቸገሩም ይባላል። የማይመቸው ሰው ድምፁን በፖስታ ይልካል። ወደፊት ደግሞ ወረቀትም ይቀራል፤ ቤትህ ተቀምጠህ የማሽን ቁልፍ ትጫናለህ፣ ድምፅህ በሽቦ ይሄዳል አሉ።»

ኪየር ለሌሎቹ ተረጎመላቸውና ሣሩ በሣቅ ተንቀጠቀጠ። «ማሽን አማት የለውም! ጓድ፣ እሱን አምጣልን!»

«ማሽን አላመጣም። ፖስታ ግን ልሆናችሁ እችላለሁ።» ዘገየ ሄዶ የዕርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ይዞ ተመለሰ። «ወረቀታችሁን እዚህ ጨምሩ። እኔ ራሴ ሳጥኑ ጋ አደርሰዋለሁ።»

ሣቁ ቆመ። አማቾቹ ቆርቆሮውን፣ ከዚያ ኮትን አዩ።

«አይሆንም» አለ ኪየር በራሳቸው ቋንቋ። «የሰጠኸው ነገር ከእጅህ ከወጣ የሰው ነው። እኔ እዚህ እስኪመሽ እጠብቃለሁ። አንተ ብቻ አስል። ወንድሜ፣ ለምኜሃለሁ።»

ኮት ጉሮሮውን ነካ አደረገ። አመዱ አሁንም አለ፤ ሳይፈልገው ሊያስለው ይታገላል። ምራቁን ውጦ ያዘው። ደክሞታል። መንገዱ አደከመው፣ ፀሐዩ አደከመው፣ ከሁሉም በላይ ያ «ጥላ» የሚል ቃል ተሸክሞት ሲዞር አደከመው። ካድሬው መጥፎ ሰው አይመስልም። ከቆርቆሮው እስከ ሳጥኑ ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስ ነው። በገዛ እጅ የገባና በሰው እጅ የገባ ወረቀት ምን ለየው? ዓሣው እንደሆነ ዓሣ ነው።

ወረቀቱን ቆርቆሮው ውስጥ ጣለ። «ጨምሩ» አላቸው።

ታላቅ ከጨመረ ታናሽ ምን ይላል? አንድ በአንድ ጨመሩ። ኪየር መጨረሻ ላይ ጨመረ፤ ሲጨምርም ኮትን አላየውም።

ዘገየ ቆርቆሮውን አንጠልጥሎ ሄደ። ኮት ከሣሩ መሐል በዓይኑ ተከተለው። ካድሬው ወደ ጽሕፈት ቤቱ አቅጣጫ እውነትም ሄደ፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ ግን ኩዌት ከቤቱ ደጃፍ ብቅ ብሎ «ጓድ፣ ምሳ ቀርቧል! ዓሣው ሳይቀዘቅዝ!» እያለ ጠራው። ዘገየ ቆመ፤ ቆርቆሮውን አየ፣ ፀሐዩን አየ። ወባ የያዘው ሰው ጥላ ያለበትን ነው የሚመርጠው። ገባ። ቆርቆሮውን የኩዌት ወንድም ተቀበለውና ወደ ጓሮ ይዞት ዞረ።

ኪየር አዲስ ሰንበሌጥ ነቅሎ ማኘክ ጀመረ። ከሳጥኑ እስከ ቆርቆሮው የአንድ ምሳ መንገድ አለ ብሎ ማን ያስብ! ተሯሩጦ መቀማት ነበረ። ኮት ሊነሣም ሞከረ። ግን መንገዱ የሚያልፈው በጽሕፈት ቤቱ በር ፊት ለፊት ነው፣ በሩ ውስጥ ፒፓው አሁንም ይጨሳል። መልሶ ተቀመጠ። ሰው ከዕድሜ ልክ ቂሙ ጋር እንዲህ ይቀመጣል።

ቆጠራው ከሰዓት በኋላ ከሮቃው ሥር ሆነ። ድምፅ የተጨመረበት፣ ቀይ ቀለም የተቀባው የጥይት ሳጥን ወጣ፤ ኛኬር ተከናንባ በጓሮ በር ወደ ቤቷ ስለ ሄደች አማቾቹ ከሣሩ ወጥተው ቆሙ። ዘገየ ከሳጥኑ ወረቀት እያወጣ ከፍ አድርጎ አሳየ፤ ዓሣ፣ ዝሆን፣ ዓሣ፣ ዓሣ፣ ዝሆን። ሩአች ቀደም ያለ መሰለ። ከዚያ ከኩዌት ጓሮ የተመለሰው ቆርቆሮ ተከፈተ። ዝሆን። ዝሆን። ዝሆን። እስከ መጨረሻው ዝሆን።

«እኔ ዓሣ ነው ያደረግሁት!» አለ ኮት።

«ዝሆን ነው የወጣው» አለ ኩዌት፣ ጥርሱን እየፋቀ። «ባለጥላው፣ ምናልባት ያየኸው የዓሣ ጥላ ይሆናል።» ወንድሞቹ ሳቁ።

ኮት ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። «ጓድ፣ የእኔ ወረቀት አራት ላይ የታጠፈ ነው። እነዚህ ሁሉ ሁለት ላይ ነው የታጠፉት። ተመልከት!»

ዘገየ አየ። ማየቱን ኮት ከፊቱ አነበበ፤ ፊደል ካነበበበት ቀን ሁሉ ይልቅ ያን ጊዜ በደንብ አነበበ። ካድሬው ወረቀቶቹን ሰበሰበና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስም የለበትም፣ ጓድ ኮት» አለው። «ስም የሌለው ወረቀት ማን ምን እንዳለ አይመሰክርም። ለአንተ ደኅንነት ተብሎ ነው እኮ ስም የሌለው።» ከዚያ ወደ መኪናው ሄዶ በሬዲዮው መነጋገሪያ ጮኸ። ኮት ጎህ ሳይቀድ ጀምሮ የተጓዘውን የሚያህል መንገድ የኩዌት ማሸነፍ በአንድ ትንፋሽ ተሻግሮ ጋምቤላ ገባ።

ማታውን ኛዴንግ ባሏን ከቤት ደጃፍ ተቀምጦ አገኘችው።

«የዋል አባት፣ እናቴ ቃል ልካለች» አለችው፣ በልጃቸው ስም ጠርታ።

«አልሰማም።»

«ስማ። 'ቀኑን ሙሉ ጨርቄን ትከሻዬ ላይ አዘጋጅቼ ጆሮዬን አቁሜ ዋልኩ። ኩዌት ለምን እንዳስቀመጠኝ የማላውቅ መስሎታል፤ የታላቁ አማቼ ሳል ቢሰማ ወጥቼ እስኪመሽ አልመለስም ነበር። ሳሉ ግን አልመጣም። ምን በድዬው ነው?' ብላለች።»

ኮት ቀና አለ።

«ምን በድዬው ነው አለች? የበሬውን ነገር ረሳችው?»

«የቱን በሬ?» አለች ኛዴንግ።

በማግስቱ የኩዌት ሰዎች ሳይመጡ፣ ኮት ችካሉን ችላ ብሎ የዘራውን፣ የደረሰውንም ያልደረሰውንም በቆሎ ለመሸልቀቅ ባልና ሚስት ወደ ባሮ ዳር ወረዱ። ከፊታቸው በቀጭኑ መንገድ አንዲት ሴት ቅርጫት ተሸክማ ትሄዳለች። ኮት በጀርባዋ አወቃት። ቆመ። ኛዴንግም ከኋላው ቆመች።

አሳለ። መጀመሪያ ሳሉ ደረቅ ነበር፤ ቀጥሎ የትናንቱ አመድ ሁሉ አብሮ መጣና እንባው እስኪወርድ አሳለ።

ኛኬር ከመንገዱ ወጣች። ጨርቋን በራሷ ላይ ሳበች፣ ጀርባዋን ሰጠች፤ እስኪያልፍ ድረስ ሣሩ ውስጥ ቆማ ጠበቀች። ኮት ማሳው ጋ ሲደርስ ከታችኛው ጫፍ መሸልቀቅ ጀመረ። ከላይኛው ጫፍ፣ ከበቆሎው ወዲያ፣ የአገዳ መሰበር ድምፅ ይሰማል፤ የፒፓ ጭስም ይመጣል። ሳይተያዩ ወደ መሐል እየተቀራረቡ ሸለቀቁ። ሊገናኙ ጥቂት ረድፍ ሲቀር ኮት ቅርጫቱን አነሣ፤ የቀረውን ለእሷ ትቶ በችካሉ በኩል ወጣ።