ሁለት ዕጩ፣ ሁለት ድምፅ

የገነት ባል ሳህሌ እምቢ ማለት አያውቅም። ፍራንክፈርት ውስጥ ቤት የሚቀይር ሐበሻ ሁሉ ፍሪጁን የሚያሸክመው እሱን ነው። የመሥሪያ ቤት ቀጠሮ፣ ቴርሚን፣ ኖሮት አስተርጓሚ ያጣ ሰው እሱ ጋ ይደውላል፤ ኤርፖርት እንግዳ የሚመጣበትም እሱ ጋ ይደውላል። ገነት አረጋውያን ስትንከባከብ ውላ ፕሮይንገስሃይም ሰፈር ወዳለው ቤቷ ስትገባ፣ ባሏ የሰው ደረጃ ላይ ቁም ሣጥን ተሸክሞ ነው።

የኮሚኒቲው ማኅበር አዲስ ፕሬዚዳንት ሊመርጥ ሲነሣ ታዲያ «ኅብረት» የሚባለው ወገን ሳህሌን ዕጩ አደረገው። ማኅበሩ የዘመን መለወጫ በዓል ቦርንሃይም ሰፈር ይሁን ፌኸንሃይም ሰፈር በሚል ጭቅጭቅ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ሰው በቀልድ «ፓርቲዎቹ» ይላቸዋል፣ እነሱ ግን የምራቸውን ነው። ኅብረቶች ሳህሌን የፈለጉት ያሉትን ሁሉ እሺ ስለሚል ነው። «ዕድገት» የሚባሉት ደግሞ ገሰሰን አቀረቡ። ገሰሰ ኤርፖርት ሻንጣ የሚጭን ወንደላጤ ነው፤ ዕጩ የሆነውም በስብሰባው ዕለት ሥራ ገብቶ፣ እዚያ ሆኖ «ተዉኝ» ሊል ስላልቻለ ነው።

«ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል እነዚህ ሁለቱ ብቻ ተገኙ?» አለች የማኅበሩ አባል ጽገ ለጓደኛዋ፣ በርገር ሽትራሰ በሚባለው ጎዳና ዳቦ ቤት ተሰልፈው ሳለ። ገነት ከኋላዋ መቆሟን ያየችው ዞር ስትል ነው። «ማለቴ፣ ባልሽ ጥሩ ሰው ነው እኮ! ግን ጥሩ ሰው ሆኖ ምን ይሠራል?»

ገነት ልትቆጣ ፈለገችና ቁጣው አልመጣላት አለ። እሷም የምታስበው ይኼንኑ ነበር።

የምርጫው እሑድ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ከጸሎት በኋላ ቦርንሃይም የተከራዩት አዳራሽ ገባ። ማሞቂያው ስለማይሠራ ሁሉም ካፖርቱን እንደለበሰ ተቀመጠ። ገነት ወረቀቷን ይዛ ጥግ ሄደች። ሁለት ስም፣ ከጎናቸው ሁለት ምልክት ማድረጊያ። እስክሪብቶዋ ወደ ባሏ ስም ሄደና ቆመ። አሁን እንዲህ የሚጮኸው ስልክ፣ ፕሬዚዳንት ሲሆን ምን ሊሆን ነው? ለገሰሰ እንዳትሰጥ ደግሞ ነውር ሆነባት። ከሥር በትንንሽ ፊደል «ባሌን ለእኔ ተዉልኝ» ብላ ጻፈችና አጣጥፋ የድምፅ መስጫው ሣጥን ውስጥ ከተተችው።

አስመራጩ አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ቆጥረው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

«ሳህሌ፣ አንድ ድምፅ። ገሰሰ፣ አንድ ድምፅ።»



«የቀረውስ?» አለ ጉዲና፣ የኅብረቶቹ መሪ።

«የቀረው አስተያየት ነው» አሉ ሽማግሌው፤ ማንም ሳይጠይቃቸውም ማንበብ ጀመሩ። «‹ሌላ ሰው የለም ወይ?› ‹መጀመሪያ ማሞቂያው ይሠራ።› ይኼ ደግሞ ‹ካይነ አኑንግ› ይላል፤ ጀርመንኛ ነው፣ ‹እኔ እንጃ› ማለት ነው። ‹ባሌን ለእኔ ተዉልኝ።›»

ገነት ከሁለቱ ዕጩዎች ሚስት ያለው አንዱ ብቻ መሆኑ ትዝ ያላት ያኔ ነው። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አያት። ሳህሌም አያት።

«ገኒ?» አለ።

«ምን ላድርግ?» አለች፣ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ። «ከተጋባን ጀምሮ አብረን እራት የበላነው ስልክህ ባትሪ የጨረሰ ቀን ነው!»

ሳቁ አዳራሹን አናጋው። ሳህሌ ግን ግንባሩን አከከ። «ቆይ፣ አንቺ ካልሆንሽ እኔን ማን መረጠኝ? እኔ እንደሆንኩ የመረጥኩት ገሰሰን ነው።»

ገሰሰ ከኋላ ወንበር እጁን አወጣ። «እኔ ነኝ የመረጥኩህ። በእግዜር፣ ከዚህ ጣጣ ገላግለኝ ብዬ ነው።»

ጉዲና ተነሥቶ በቁጣ ጮኸ። «ይኼ ቀልድ አይደለም! ሳህሌ፣ ዕጩያችን ነህ፤ በዓሉ ቦርንሃይም ነው ብለህ አሁኑኑ ተናገርና ድምፅ በድጋሚ ይሰጥ!»

ሳህሌ ጉዲናን አየ፣ ሚስቱን አየ። «አይሆንም» አለ።

ገነት ይኼን ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም።

«እንግዲያው ፌኸንሃይም!» አሉ ዕድገቶች በደስታ።

«እሱም አይሆንም። መጀመሪያ ለሁለት የተከፈላችሁት ታረቁና ቦታውን አብራችሁ ምረጡ። እኔ የማንም ተላላኪ አይደለሁም። ቤት የሚቀይርም ካለ ዕቃ ጫኝ ይቅጠር፤ ወገቤ አልቋል።»

ከሁሉ ቀድማ ያጨበጨበችው ጽገ ናት። «ይኼ ሰው ለካ አፍ አለው!» አለች። ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው። አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ «ሳህሌን የምትደግፉ እጅ!» ሲሉ ከጉዲናና ከጥቂት ጓደኞቹ በቀር ሁሉም አወጣ፤ ገሰሰማ ሁለቱንም እጁን። ሳህሌ ሚስቱን በዓይኑ ጠየቃት። ገነት ትንሽ አመነታችና፣ «ከእራት በኋላ ስልክ አይነሣም» አለች፤ እሷም እጇን አወጣች።

ሲወጡ ዝናብ ነበር። ኡ-ባን ጣቢያ ሲደርሱ ሰሌዳው ባቡሩ መቅረቱን ይናገራል። መራጩ ሁሉ እርጥብ ካፖርቱን እንደለበሰ ፕላትፎርሙ ላይ ተኮልኩሎ አዲሱን ፕሬዚዳንት ያይ ጀመር።

«እሺ፣ አሁን ምን ሊያደርግልን ነው?» አለች ጽገ። «እኔ ድሮም ይኼን ሰውዬ ተጠራጥሬው ነበር።»

ገነት የባሏን ክንድ ይዛ፣ «ነገ ጠዋት ደውይለት» አለቻት።