የሚያፈስ በር

ደግሞ ይኸችው መጣች፣ ከመኪና ሁሉ እሷ፣ ከባሕር ዳር ጋራዥ ሁሉ የእኔው፣ ይላል አለበል በሆዱ፣ ከቀበሌው አሮጌ ሚኒባስ ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣ ጠብታ ግንባሩ ላይ ያርፋል፣ በጣቱ ያሸዋል፣ የሞተር ዘይት ቢሆን ወፍራም ነበር፣ ይኸ ቀጭን ነው፣ የፍሬን ዘይት ነው። ፍሬን። ሾፌሩ አምሐ መሪው ላይ ተቀምጦ ያወራል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል ወዳጄ፣ ትናንት አባይ ድልድይ ላይ ሦስቴ ረግጨ ነው የያዘልኝ፣ ነገ መርዓዊ ገበያ እንሄዳለን፣ አደራ። ነገ መርዓዊ ገበያ። አፈሳ። ገበያውን ከብበው፣ ጢም ያላበቀለውን ሁሉ ለውትድርና አፍሰው፣ እህል ይመስል።

አመድ ይነሰንሳል፣ ከሚስቱ ከየሻሽወርቅ ምድጃ ዝቆ ያመጣውን፣ ቧንቧውን ጠርጎ አድርቆ አመድ ማልበስ፣ ከዚያ ርገጥ ማለት፣ አመዱ የጠቆረበት እሱ ነው የሚያፈሰው፣ ይኸን ዘዴ ለልጁ ለሣህሉ ያሳየው ዕለት ልጁ ሳቀ፣ አባዬ እናቴ አመዱን ለዕቃ ማጠቢያ ትፈልገዋለች ብሎ። አሁን ቤት ውስጥ አመድ ሞልቷል፣ የሚስቅ የለም። የሻሽወርቅ ባሏን ማነጋገር ከተወች ሰባት ወሯ፣ እራት ታቀርባለች፣ ፊቷን ወደ ሐይቁ ታዞራለች፣ የቁንዝላ ጀልባ በመጣ ቁጥር ተነሥታ ታያለች፣ ደብዳቤ የለ፣ መርዶ የለ።

ርገጥ አምሐ። ረገጥሁ። ጠቆረ፣ የኋላው ግራ ጎማ፣ ዘይቱን የሚይዘው ላስቲክ አልቋል።

ባለፈው ኅዳር ይህችኑ መኪና አምጥተው የኋላው በር ይላቀቃል አጥብቀው አሉት፣ አጠበቀዋ፣ ሥራ አይናቅም፣ ከውስጥ ቢገፉት ንቅንቅ እንዳይል አድርጎ፣ ጎበዝ፣ በሦስተኛው ቀን ሣህሉን ሹም አቦ መንገድ ላይ በዚህችው መኪና አፈሱት፣ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ። ልጅህ በሩን ሦስት ጊዜ በትከሻው ገፋው፣ ሰክሮ ነው አምሐ የነገረኝ፣ ባይነግረኝስ ምን ነበረበት፣ ከዚያ፣ አባቴ የሠራው ነው አይከፈትም፣ ብሎ ቁጭ አለ። አባቴ የሠራው ነው። ምነው ያን ዕለት እጄን በቆረጠው።

አሮጌውን ላስቲክ አጥቤ ብመልሰውስ፣ ለአንድ ቀን ይይዛል፣ ከዚያ መርዓዊ መንገድ አንዱ ቁልቁለት ላይ ይለቃል፣ ከፊት የሚቀመጠው ካድሬ ይገለበጣል፣ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል። ከኋላ የተቀመጡትስ። የማን ልጆች ናቸው እነሱ፣ ዳቦ ሊገዙ የወጡ አይደሉም ወይ። አዲስ ላስቲክ ያስገባል። አየሩን ያስወጣል፣ ርገጥ፣ ያዝ፣ ልቀቅ፣ ድገም። እንደገና አመድ። ደረቅ ነው፣ ጠብ የሚል የለም፣ ፍሬኑ ቀጥ አድርጎ ይይዛል።

የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፣ የሻሽወርቅ ለመጨረሻ ጊዜ ያለችው ይኸንን ነው። እውነቷን ነው፣ አይታፈስም። የታፈሰስ? የታፈሰ አይፈስም ያለ ማን ነው?

መፍቻውን ይዞ ወደ ኋላው በር ይዞራል። ደግሞ ምን ልትሠራ ነው? ይላል አምሐ። በሩ ይጮኻል፣ ዘይት ልቀባው ብዬ ነው። በኅዳር ያጠበቃቸውን ሁለት ብሎኖች ያላላል፣ መያዣው ለአመል ያህል ብቻ እንዲነካ፣ ከውጭ ላየው የተቆለፈ፣ ከውስጥ አንድ ትከሻ የሚበቃው። ቢደርሱበትስ። ቢደርሱበት እኔንም ያፍሱኝ፣ ምናልባት እሱ ካለበት ያደርሱኝ ይሆናል። ገብቶ በሩን በላዩ ይዘጋል፣ ይጨልማል፣ የብዙ ሰው ላብ ይሸታል፣ ሣህሉ የት ጋ ይሆን የተቀመጠው።

በትከሻው ይገፋል። ይከፈታል፣ የጣና ነፋስ ይገባል። አምሐ በመስታወቱ ያየዋል፣ አለቀ? ይላል፣ አለቀ ይላል አለበል። የሚያፈስ ነገር ቀረ እንዴ? የለም። ይሁን ይላል አምሐ፣ ዓይኑን ወደ ሐይቁ ይመልሳል።

አለበል በሩን ይዘጋል፣ ይገፋል፣ ይከፈታል። ደግሞ ይዘጋል፣ ልጁ ሦስቴ ነው የገፋው፣ ሦስቴ መሆን አለበት፣ ይገፋል።

ይከፈታል።