እጅ የሚያሳይ ፊልም

በሚሠራበት መነጽር ቤት ውስጥ ቅብዝብዝ ነው የሚሉት። ሌንስ ሲሞርድ ካልሆነ እጁም እግሩም አያርፍም፤ ከማሽኑ ከተነሳ ወይ በሩ ላይ ነው፣ ወይ የሰው ወንበር ጀርባ ቆሞ ስለ ሙዚቃ ፊልም ያወራል። ፕሮግረሲቭ ሮክ የሚባለው፣ አንዱ ዘፈን ሃያ ደቂቃ የሚፈጀው፣ ምቱ መሀል ላይ ሳያስጠነቅቅ የሚቀየረው ሙዚቃ ልክፍቱ ነው። ስለዚህ ሙዚቃ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም አያመልጠውም፤ ካየው ደግሞ «ይህንን ሳታይ እንዳትሞት» ሳይል የሚያሳልፈው ሰው የለም። ከጎን ያለችው የዓይን ሐኪም «መነጽር እንዲሠራላቸው እልካቸዋለሁ፣ ፊልም ታዞላቸው ይመለሳሉ» እያለች ትስቅበታለች።

ልክፍቱን ያጋባችበት ታላቅ እህቱ ናት። ኪቦርድ ተጫዋች ነበረች። ሃያ ዓመት በሆቴልና በሠርግ አዳራሽ ሰው የጠየቃትን ስትጫወት ኖራለች፤ ቤቷ ስትገባ ግን ጫማዋን አውልቃ እነዚያን ረጃጅም ሙዚቃዎች ትከፍታለች። ልጅ ሳለ አጠገቧ ወለሉ ላይ አስቀምጣው «ቆይ፣ አሁን ይቀየራል» ትለው ነበር።

አምና ማጅራት ገትር ያዛት። ሐኪሞቹ ነፍሷን አተረፉላት፤ ጆሮዎቿ ግን በስድስት ቀን ውስጥ ሁለቱም ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ቅብዝብዝ በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ ይጠይቃታል። ይሄዳል እንጂ አይቀመጥም። ደህናውን ቧንቧ ያጠብቃል፤ ያልላላውን የበር እጀታ ይነካካል። እሷ በአፏ ታወራለች፣ እሱ በትንሽ ነጭ ሰሌዳ ላይ ይጽፍላታል፤ ስለ አየሩ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጉልበቷ። ስለ ሙዚቃ አንድም ቃል ጽፎላት አያውቅም። ሚስቱንም «እሷ ቤት ስለ ዘፈን እንዳታነሺ» ብሎ አስጠንቅቋታል።

አንድ ቅዳሜ የመስኮቱን መቀርቀሪያ ሲጎረጉር እህቱ ሰሌዳውን ደረቱ ላይ ለጠፈችበት።

«ፊልም ምረጥልኝ» አለችው።

«የምን ፊልም?» ብሎ ጻፈ።

«የምን ይመስልሃል? ሚስትህ ነግራኛለች። መንገድ ላይ ላገኘኸው ሰው ሁሉ ትመርጣለህ፤ ለእኔ ሲሆን እጅህ ታሰረ?»

ቅብዝብዝ የእስክሪብቶውን ክዳን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው።

«እንደማልሰማ ረስቼው አይደለም» አለች። «እጅ የሚያሳይ ፊልም ነው የምፈልገው። ሲጫወቱ ጣታቸውን የሚያሳይ። ሽማግሌ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ድሮን የሚያወራበትን አይደለም።»

እሑድ ጠዋት ፊልም ያጠራቀመበትን ፍላሽ ቤቱ ቴሌቪዥን ላይ ሰክቶ ድምፁን ዘጋና የሚወዳቸውን ፊልሞች አንድ በአንድ ማየት ጀመረ። የመጀመሪያው፣ ለስንቱ ሰው ያዘዘው የሦስት ሰዓት ፊልም፣ እጅ የሚያሳየው አራት ደቂቃ ብቻ ነበር። የቀረው ጭስ ነው፣ ረጅም ፀጉር ነው፣ የሸክላ ሽፋን ነው። ሁለተኛው የዘፋኙን ካባ ሲከተል ይውላል። ሦስተኛው ይባስ፤ ጣቶቹ ሊሮጡ ሲሉ ፊልሙ ቁርጥ ብሎ ወደ ሽማግሌው ይመለሳል። አሥራ አምስት ዓመት ሲያያቸው ይህን አላስተዋለም ነበር። ከሶፋው ተነስቶ ከመስኮት ወደ በር ተመላለሰ።

«ወለሉን ፈጀኸው እኮ» አለች ሚስቱ።

«ለእሷ የሚሆን አንድም የለም።»

«እንደሱ ብለህ ንገራት።»

«ሙዚቃ በጆሮ ነው ብዬ ልጻፍላት?»

«እሷ ያላለችውን አንተ ለምን ትጽፋለህ?»

ሰኞና ማክሰኞ ሥራ አልሆንለት አለ። አንድ ሌንስ አጣሞ ሞረደ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ አያውቅም። ረቡዕ መነጽሩን ሊያስጠብቅ የመጣ ጡረተኛ የቴሌቪዥን ካሜራማን ነበር፤ በሌላ ጊዜ ፊልም የሚያዝለት ቅብዝብዝ ያን ቀን ጠያቂ ሆነ። ሰውየው ብዙ አላሰበም።

«ያ የልምምዱ ፊልም አለ አይደል? ጃዝና ሮክ የሚቀላቅሉት፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ካሜራ ብቻ የተተከለባቸው። ማንም አያወራም።»

ቅብዝብዝ ያውቀዋል። ከዓመታት በፊት አሥር ደቂቃ አይቶ አቋርጦታል፤ «እሱን አትዩት፣ ያስተኛል» እያለ ሰውን ሲያስጠነቅቅም ኖሯል።

ቅዳሜ ይዞላት ሄደ። ልክ እንደጀመረ ወደ ወጥ ቤት ሊያመልጥ ሲል እህቱ እጅጌውን ያዘችው።

«ተቀመጥ። ጥላህ ይረብሸኛል።»

አራት ወጣቶች ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድን ሙዚቃ እየደጋገሙ ይለማመዳሉ። አንዱ ካሜራ ከኪቦርዱ በላይ ተንጠልጥሏል፣ ሁለተኛው ከከበሮው ጎን። እህቱ ወደፊት ጠጋ አለች። ቆይታ ቀኝ እጇ ጠረጴዛው ላይ መንቀሳቀስ ጀመረ። ቅብዝብዝ ከፊልሙ ይልቅ እጇን ያይ ነበር።

«አቁም» አለች በድንገት። «መልሰው። ኪቦርዱ ላይ ያለው ልጅ ሳተ።»

መለሰው፤ ምንም የተሳሳተ ነገር አልሰማም። እንደገና መለሰው።

«አንድ ምት ቀድሞ ገባ» አለች። «ቤዝ ጊታሪስቱ እኮ ዞር ብሎ ገላመጠው፤ አላየህም?»

ለሦስተኛ ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። እውነትም ነበረች፤ ጫማ ሰፍቶት እንደሚደናቀፍ እግር ያለች ትንሽ መሰናከል። «ልክ ነሽ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ሳያስበው፣ አሥራ አንድ ወር ሲሸሸው የነበረውን ከሥሩ ጨመረበት።

«ጆሮሽ ውስጥስ እንዴት ነው? ጭር ብሏል?»

አንብባ ሰሌዳውን መለሰችለት። ቀጥላም «ጭር ቢልማ በወደድኩ» አለች። «ይጮኻል። እንደ አሮጌ ማቀዝቀዣ፣ አንዳንዴ እንደ ፉጨት፣ ቀን ከሌት። እናንተ ትመጡና እንዳይከፋኝ ብላችሁ ሙዚቃ አታነሱም። ሙዚቃ ካልተነሳ ደግሞ የሚቀረኝ እሱ ብቻ ነው።»

ቅብዝብዝ ሰሌዳውን ጭኑ ላይ አደረገ። ያጠበቃቸው ቧንቧዎች ሁሉ አሳፈሩት። «ይቅርታ» ብሎ ጻፈ።

«ይቅርታህን አስቀምጠውና ቁጠር» አለችው። አንጓውን ይዛ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ምቱ በሰባት ነው የሚዞረው። እኔ ግራውን እይዛለሁ፣ አንተ ቀኙን።»

አምስት ላይ ሳተ። እንደገና ስድስት ላይ ሳተ። «ከድሮም አትቆጥርም ነበር፣ አጨብጫቢ ብቻ» አለችው። ፊልሙ ማንም ሳያየው አለቀ።

ከዚያ ወዲህ ስምንት ፊልም ወስዶላት አምስቱን መልሳለች፤ አንዱን ገና በሁለተኛው ደቂቃ። ሁሉም ቅዳሜ አይሰምርም። ጩኸቱ ሲብስባት ጋቢ ተከናንባ ትተኛለች፣ ቴሌቪዥኑን ማየትም አትፈልግም። እንዲህ ባለው ቀን እሱ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ይላል፤ እጇን ስትዘረጋለት መዳፏ ላይ ቀስ ብሎ ሰባት ይመታላታል፤ ሲስት ታርመዋለች።