ለሐሙስ የተቀጠረ ሰዓት

አምሀ የሰዓት ባትሪ መቀየር ይጠላል። ሠላሳ ዓመት ጅግጅጋ ውስጥ የስዊስ ሰዓት ሆድ ሲከፍትና ሲዘጋ የኖረ ሰው፣ ዛሬ በረንዳ ላይ በተቀመጠች አንዲት ጠረጴዛ ከጠረፏ ከተማ ከቶጎጫሌ በካርቶን የሚገባ የፕላስቲክ ሰዓት ጀርባ በቢላ ጫፍ እየፈለቀቀ ባትሪ ይለውጣል። ይህን ለሚሰማውም ለማይሰማውም ያማርራል። ምሬቱ በየት በኩል ቢጀምር የሚያርፈው አንድ ስም ላይ ነው፤ ኸሊፍ።

ታሪኩን ገበያው በቃሉ ይዞታል። በ2010 ሐምሌ መጨረሻ ከተማው ታምሶ ሱቅ ሲሰበር፣ ጎረቤቱ ዳሂር አምሀን ቤቱ ደብቆት ነበር። አምሀ በመስኮቱ ስንጥቅ አሻግሮ ሲያይ፣ ከእሱ ሱቅ ቀጥሎ ጨርቅ የሚሸጠው ኸሊፍ የመሣሪያ ሣጥኑን በሁለት እጁ አቅፎ ከተሰበረው በር ወጣ። በዓይኑ በብረቱ አየው። በሳምንቱ ጉዳት የሚመዘግቡ ሰዎች ሲመጡም መጀመሪያ ያስመዘገበው የኸሊፍን ስም ነው። ኸሊፍ ስምንት ወር ታሰረ። ቤቱ ቢፈተሽ ሣጥኑ አልተገኘምና ለቀቁት። አምሀ ግን አለቀቀውም። ከሦስት ወር በፊት ኸሊፍ ሲሞት አስከሬኑ በጠረጴዛው ፊት ለፊት ሲያልፍ እንኳ ሆን ብሎ ከመቀመጫው አልተነሣም።

እና አንድ ረቡዕ ጠዋት የኸሊፍ ልጅ ፈርዶውሳ መጣች። አስተማሪ ናት፤ እጇ ላይ የጠመኔ ብናኝ አይጠፋም። በሻሽ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ሻሹን ስትፈታው አምሀ ሣጥኑን ገና ሳይከፈት ዐወቀው። ጥጉ ጎድጉዷል፤ የተሰበረውን ማንጠልጠያ በሽቦ ያሰረውም ራሱ ነው።

"አዴር አምሀ፣" አለችው እንደ አጎት አክብራ፣ "አባቴን እንደማይወዱት ዐውቃለሁ። ይህን ሸደር ከተማ የምትኖረው አክስቴ ናት የሰጠችኝ። የሰው አደራ ነው ብሎ አስቀመጠው ትላለች፤ እኅት ደግሞ ለወንድሟ ምን አትልም። ሰባት ዓመት ሙሉ አባቴ ሌባ አይደለም እያልኩ ከሰው ተጣልቻለሁ። ውስጡ ያሉት ምን እንደሆኑ አንድ በአንድ ይንገሩኝ። የሰዓት ሠሪ ዕቃ ከሆነ ልወቀው፤ ከእንግዲህ ከሰው አልጣላም።"

አምሀ የልቡ ደረሰለት። እውነቱን ለመናገር ደስ አለው፤ ደስ ማለቱንም አልደበቀም። መነጽሩን ጠርጎ ሣጥኑን ወደ ራሱ ሳበና ቆጠራውን ጀመረ። ይህች ዓይን ላይ የምትሰካ ማጉያ ናት። እነዚህ ስድስቱ ካቻቪቴዎች ናቸው፤ የመጨረሻዋ ጫፏ ከጤፍ ፍሬ አይበልጥም። ይህ ወረንጦ ማግኔት የማይዘው ነው፤ ማግኔት የያዘው ወረንጦ ሞላ ከነካ ሰዓቱ ያብዳል። ይህቺ ጉጠት የምትመስል የሰዓት ጠቋሚ እጆች መንቀያ ናት፤ ይህ ትንሽ ከበሮ የሚመስል ደግሞ ሞላ መጠቅለያ ነው። እያንዳንዱን ሲያነሣ እንደ ቀድሞው ሁለት ጣቱ ላይ አዙሮ ያሳያታል፤ እሷ ደግሞ ባየች ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል።

አራተኛውን ካቻቪቴ ሲያዞር ግን አናቱ አልዞርም አለ። ሙጫ የነካው ይመስላል። አሸተተው፤ የሰሊጥ ዘይት ነው። ሌሎቹንም አሸተተ። ሁሉም፣ ወረንጦው ሳይቀር፣ በሰሊጥ ዘይት ታሽቷል፤ አሮጌው ደርቆ በላዩ ላይ አዲስ ተቀብቷል። ለሰዓት መሣሪያ ከዚህ የባሰ ጠላት የለም። አምሀ የነቀፋ ቃል አፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ ነገር ግን ሰርቆ የሸሸገ ሰው ዕቃውን በየዓመቱ እያወጣ ዘይት እንደማይቀባ ትዝ አለውና ዋጠው።

"አባትሽ ሸደር ይሄድ ነበር?" ሲል ጠየቃት።

ረመዳን በገባ ቁጥር ይሄድ እንደነበር ነገረችው።

ከመሣሪያው ሥር በነጭ ጨርቅ የተጠቀለሉ ሰዓቶች ነበሩ። አምሀ ሰዓት ሲቀበል የባለቤቱን ስምና የቀጠሮውን ቀን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ በክር ማሰሪያው ላይ ያስራል፤ ሥራ በዝቶም ሆነ ሰንፎ የሚቀጥረውም ሁሌ ለሐሙስ ነው። ሱቁ በተሰበረ ዕለት ሣጥኑ ውስጥ ዐሥራ አንድ ሰዓቶች ነበሩ። ዐሥራ አንዱም አለ። ሁለቱ ወርቅ ቅብ ናቸው፤ ቶጎጫሌ ቢወርዱ በአንድ ጠዋት ያልቁ ነበር። ወረቀታቸው እንኳ አልተበጠሰም።

የመጨረሻዋ አረንጓዴ ገበታ ያላት አሮጌ ሰዓት ናት። ወረቀቷ ላይ በራሱ እጅ ጽሑፍ "ኸሊፍ፣ ለሐሙስ" ይላል።

አምሀ ወረቀቷን ደግሞ አነበበው። የኸሊፍ የገዛ ሰዓቱ ናት፤ ክሩን በጥሶ እጁ ላይ ቢያስራት ማን ይጠይቀው ነበር? ሳትሠራ፣ ከነወረቀቷ፣ ከሌሎቹ ጋር አስቀመጣት።

"የሰዓት ሠሪ ዕቃ ነው፣" አለ አምሀ። "የእኔ ነው። አባትሽ አልሰረቀኝም። ሌላ እንዳይወስደው ነው ያወጣው።"

ፈርዶውሳ አላለቀሰችም። ታዲያ ለምን አልመለሰም ብላ ጠየቀችው። አምሀ ፍርሃት ነው ሊላት ይችል ነበር፤ ግማሽ እውነት ነውና። ስሙ ከተመዘገበ በኋላ ሣጥኑን ይዞ ብቅ ቢል ራሱን በራሱ ማሰሩ ነበር። የቀረውን ግማሽ ግን ሊውጠው አልቻለም። ኸሊፍ በተፈታ በሳምንቱ ሻይ ቤት መጥቶ፣ "አምሀ፣ ለብቻህ የማናግርህ አለኝ" ብሎት ነበር። እሱም ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ፣ "ከሌባ ጋር ለብቻዬ የማወራው የለኝም" አለው። ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኸሊፍ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ አላናገረውም። ይህን ሁሉ ዓይኗን ሳያይ ነገራት።

ከዚያ የሰው ልጅ ሲያፍር እንደሚያደርገው ሥራ ፈለገ። ሰዓቷን ዛሬውኑ አስነሥቶ እንደሚሰጣት፣ ምንም እንደማትከፍል ነገራት። ፈርዶውሳ ከእጁ ወሰደችበት።

"አይንኳት፣" አለች። "ሣጥኑም ሌሎቹም የእርስዎ አደራ ናቸው፤ ይውሰዷቸው። ይህች ሰዓት ከነጽሑፍዎ ከእኔ ጋር ትቀመጣለች። ነገ ሐሙስ ነው፤ እዚያው ሻይ ቤት መጥተው ሌባ ያሉትን ቃል ራስዎ ይመልሱት።"

እመጣለሁ አላት። ሰዓቷን በሻሿ ቋጥራ ሄደች።

አምሀ ካቻቪቴዎቹን በቤንዚን ሊያጥብ ደረደራቸው፤ ግን ጠርሙሱን ሳይከፍት ተዋቸው። ነገ ማን እንደሚሰማው ያስብ ጀመር። ያን ዕለት ከሳቁት ግማሾቹ ከተማውን ለቀዋል። የቀሩት ሳቁንም፣ ምን እንዳሳቃቸውም ረስተዋል። "ሌባው ኸሊፍ" የምትለዋ ግን አልተረሳችም፤ እሷን አምሀ ራሱ ከዚህችው ጠረጴዛ ሆኖ በየቀኑ ሲያስታውሳቸው ኖሯል።