ለወገቤ ነው የተነሳሁት

ተቀምጦ የሚበላ ሰው ወገቤን አመመኝ ሲል የሚያምነው የለም። ባሌ ቤት ቀቢ ነው፤ ቀኑን ሙሉ መሰላል ላይ ሆኖ አንገቱን ቀልሶ ኮርኒስ ሲቀባ ይውላል። ማታ ይገባና ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፣ «አንቺ ደግሞ ምን ተሸክመሽ ነው ወገብሽን የምትይዢው? እስክሪብቶ?» ይለኛል። አማቴ ከእሱ ይብሳሉ። «በእኛ ጊዜ ወገቡን የሚያመው የሠራ ሰው ነበር» ይላሉ፤ የሚናገሩት ግን ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው ነው። ግድግዳው ዝም ይላል። እኔም ዝም እላለሁ፤ ለአማት መልስ ከመስጠት የወገብ ሕመም ይሻላል።

ሥራዬ የግንባታ ፈቃድ ፋይል መመርመር ነው። ቤት ሊሠራ ያሰበ ሰው ፕላኑን ይዞ ይመጣል፤ እኔ መጸዳጃ ቤቱ መስኮት እንዳለው፣ ኮሪደሩ እንዳልጠበበ፣ ማኅተምና ፊርማ እንዳልጎደለ አያለሁ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ተቀምጬ አየሁ። መጀመሪያ ከሰዓት በኋላ ላይ ትንሽ ይቆረጥመኝ ነበር። ከዚያ ጠዋትም ጀመረኝ። ከዚያ ካልሲ ማድረግ ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። ማስታገሻ ዋጥኩ፣ ቅባት ተቀባሁ፣ እሑድ እሑድ ይሻለኛል ብዬ ተኝቼ ዋልኩ። መተኛቱ ጭራሽ አባሰው።

ልጄ ባትኖር ኖሮ በዚሁ እቀጥል ነበር። ሦስት ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ እንደ ልማዷ እየሮጠች መጥታ እጇን ዘረጋችልኝ። ጎንበስ ብዬ እስከ ደረቴ ካነሳኋት በኋላ ወገቤ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለና ከእጄ አመለጠች። በቂጧ ነው የወደቀችው፤ አልተጎዳችም፤ አልቅሳ ተወችው። በማግስቱ ስገባ ግን እየሮጠች መጥታ አጠገቤ ስትደርስ ቆመች። ሁለት እጆቿን ከጀርባዋ ደበቀችና፣ «እማዬ፣ አንቺ ትሰበሪያለሽ» አለችኝ። ከዚያ ሄዳ ለአባቷ እጇን ዘረጋች። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። ማልቀሱ ራሱ ወገቤን አመመኝ።

በዚያው ሳምንት ፊዚዮቴራፒ ሄድኩ። ባለሙያዋ ገና ልጅ ናት፤ እጇ ግን ብረት ነው።

«በቀን ስንት ሰዓት ትቀመጫለሽ?» አለችኝ።

«ስምንት።»

«ሳትነሺ?»

«ለምሳ እነሳለሁ እንጂ።»

«ምሳ የት ነው የምትበዪው?»

«ጠረጴዛዬ ላይ።»

እጇን ከወገቤ ላይ አንስታ ትንሽ አየችኝ። «ስሚኝ እህቴ፣ ወገብ ሥራ አይጠላም። የሚጠላው አንድ ቦታ ተተክሎ መዋልን ነው። በየሰላሳ ደቂቃው ብድግ በዪ፤ ሁለት ደቂቃ ቁሚ፣ ወዲያ ወዲህ በዪ። ኮምፒውተርሽን ከዓይንሽ ትይዩ አድርጊው፤ እንደ ጉድጓድ አጎንብሰሽ አትመልከቺው። እግርሽ ወለሉን ይርገጥ። ወገብሽ ጎድጎድ የሚለው ቦታ ላይ ፎጣ ጠቅልለሽ አስደግፊ። የማሳይሽን እንቅስቃሴ ጠዋትና ማታ ሥሪ። ሦስት ወር በትክክል ካደረግሽው ልጅሽን ታነሺያታለሽ። ካላደረግሽው እኔ ጋ ተመላለሺ፤ እኔ ደንበኛ አልጠላም።»

ፎጣው ቀላል ነበር። ኮምፒውተሩንም ከሥሩ ሦስት ጥራዝ የመሥሪያ ቤቱን መመሪያ ደርድሬ ከፍ አደረግኩት፤ መመሪያው ለሰው ሲጠቅም ያየሁት ያኔ ነው። ችግር የሆነው መነሳቱ ነው።

ቢሯችን ውስጥ ሰባት ጠረጴዛ አለ። ስድስቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ለበሩ ጀርባቸውን ሰጥተዋል። በሩንም፣ ጥግ ላይ በመስታወት የተከለለውን የኃላፊውን ክፍልም የማየው እኔ ብቻ ነኝ። ኃላፊያችንን ሻለቃ እንለዋለን፤ የወታደር ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ሻለቃ ሲገባና ሲወጣ ሁላችንም ብድግ እንላለን፤ ያልተነሳ ሰው የዕድገት ወረቀቱ የሆነ መሳቢያ ውስጥ ይጠፋል። ስድስቱ ስለማያዩት እኔን ይጠብቃሉ። የእኔ ወንበር ወለሉን ሲፍቅ ዞር ብሎ የሚያጣራ የለም፤ ያንቀላፋውም ሳይቀር ይነሳል። ደመወዝ የማይከፈልበት ሁለተኛ ሥራዬ ይህ ነበር፤ ከመልመዴ የተነሳ ጭራሽ ረስቼው ነበር።

እንግዲህ በመጀመሪያው ቀን፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ወገቤን ይዤ ብድግ አልኩ። ስድስቱም ብድግ አሉ። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀረው አንጋፋው ኮቱን ቆለፈ። በሦስት ትራስ ላይ የምትቀመጠው፣ ትራሴ የምንላት፣ ማስቲካዋን ዋጠች። ወሬ የማያመልጠው ጋዜጠኛው ስልኩን እጅጌው ውስጥ ከተተ። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። የገባም የወጣም የለም።

«የታለ?» አለኝ አንጋፋው በሹክሹክታ።

«ማን?»

«ሻለቃ ነዋ!»

«ኧረ የለም፤ ወገቤን አሞኝ ነው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ እኔ እኮ የልብ በሽተኛ ነኝ!»

ሻለቃ ግን መስታወቱ ውስጥ ሆኖ አይቶናል። ከሻዩ ቀና ሲል ሰባት ሰው ቆሟል። ምንም ሳያደርግ፣ ዝም ብሎ ሻይ ስለጠጣ ብቻ! ፊቱ በራ። እጁን ዝቅ ከፍ አድርጎ «ተቀመጡ፣ ተቀመጡ» አለን።

ሦስት ሰዓት ላይ ደግሜ ተነሳሁ፤ ደግመው ተነሱ። እግራቸው ከራሳቸው ይቀድማል። በአራተኛው ግን እኔ ለምን እንደምነሳ ሁሉም አውቀዋል፤ ሆኖም አሁን ሻለቃ እያየ ነው። «ስድስት ሰው ቆሞ እኔ ብቻዬን ብቀመጥ፣ አንቺ ለምን ተነሳሽ አይልም፤ እኔን ነው ለምን አልተነሳህም የሚለኝ» አለኝ ጋዜጠኛው። እውነቱን ነው። ስለዚህ ተነሱ።

ሻለቃ አንድም ቀን ምክንያቱን አልጠየቀም። የሚነሱለት ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም። በሦስተኛው ሳምንት ጭራሽ ሰዓት ይጠብቅ ጀመር፤ ሰላሳ ደቂቃው ሊሞላ ሲል ከረቫቱን ያስተካክላል። እኛም በቀን አሥራ አምስት ጊዜ እየተነሳን ሁለት ሁለት ደቂቃ ቆምን። መቆም ብቻ እንዳይሆንብን ትራሴ ትከሻዋን ታሽከረክራለች፤ አንጋፋው በአክብሮት አስመስሎ ወደፊት ያጎነብስና ወገቡን ያፍታታል። ሻለቃ ለእሱ እጅ የነሱ ይመስለዋል። ሁለት ወር ሳይሞላ ትራሴ ሁለቱን ትራስ ወደ ቤቷ መለሰች። አንጋፋው ከሸሚዙ ሥር የሚያስረውን የወገብ መደገፊያ ቀበቶ ፈታው።

በአሥረኛው ሳምንት ልጄን ጠራኋት። እንደ ተማርኩት በጉልበቴ ቁጢጥ ብዬ ከደረቴ ጋር አጣብቄ ያዝኳት። ዓይኗን ጨፍና መውደቋን ትጠብቃለች። ተነሳሁ። አንድ ዓይኗን ከፍታ ወደ ታች አየች፤ ከዚያ በትንሽ እጇ ጀርባዬን ዳበሰች። «አልተሰበርሽም?» አለችኝ። ደስታዬን በምን ልንገራችሁ! አማቴ እንኳ ለግድግዳው «ተመስገን» አሉት።

ደስታ አይበረክትም። ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች መጥተው ስንነሳ አዩን። «እንዲህ ያለ ሥነ ሥርዓት ያለው ክፍል አይተን አናውቅም» ብለው ሄዱ፤ በወሩ ሻለቃ ከፍ ወዳለ ወንበር ተሾመ። የእኔ ወገብ ነው ያሾመው። አመሰግናለሁ አላለኝም።

በእሱ ቦታ የመጣው ወጣት ነው። ከረቫት አያስርም፤ አንተ በሉኝ ይላል፤ ንግግሩን ሁሉ «ቤተሰብ!» ብሎ ስለሚጀምር ስሙ በሁለት ቀን ውስጥ ቤተሰብ ሆነ። መጀመሪያ የገባ ዕለት ተነሳሁ፤ ስድስቱም ተነሱ። እሱ እባብ ያየ ይመስል ደነገጠ።

«ኧረ በፈጣሪ ተቀመጡ! እኔ ጌታ አይደለሁም። ያ ዘመን አለፈ። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ማንም ለማንም አይነሳም!»

ተጨበጨበ። አንጋፋው ዓይኑን ጠረገ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ቆይቶ ነው የገባኝ።

ከሰላሳ ደቂቃ በኋላ ተነሳሁ። ስድስቱ አልተነሱም። ቤተሰብ እየሳቀ ከክፍሉ ወጣና፣ «እህቴ፣ ተባብለናል እኮ!» ብሎ ትከሻዬን ይዞ በቀስታ አስቀመጠኝ። ቀጥሎም እንደዚሁ። በሦስተኛው ጊዜ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ አድርባይ መሰልኩ። አፈርኩና ተቀመጥኩ። ክፉ ሰው ቢሆን እኮ መላ አይጠፋለትም ነበር፤ ለደግ ሰው ግን ምን ይደረጋል?

ሦስት ሳምንት እንዲህ ተቀመጥኩ። ሕመሙ ቤቱን የሚያውቅ እንግዳ ነው፤ በር አላንኳኳም። ልጄን ሳነሳ ትንፋሼን መያዝ ጀመርኩ። ደበቅኩ ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ፊቴን በእጇ ይዛ፣ «እማዬ፣ ልውረድ?» አለችኝ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

በማግስቱ ምሳ ላይ ባልደረቦቼን አብረን እንንገረው አልኳቸው። አንጋፋው ቀበቶውን መልሶ አስሯል፤ ትራሴም ሁለቱን ትራስ መልሳ አምጥታለች።

«ልጄ፣ ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ» አለኝ አንጋፋው። «በስተርጅና በሽተኛ የሚል ቃል ፋይሌ ላይ እንዲገባ አልፈልግም።»

«እኔስ?» አለች ትራሴ። «አዲስ ሰው ነው፤ ገና ሳያውቀኝ ወገቤ ብዬ ልቅረብ?»

«አንቺ ጀምሪው፤ እኛ ከኋላሽ አለን» አለ ጋዜጠኛው። አይ ከኋላ መኖር! ጀርባዬን የሚያይልኝ ሰው አላጣሁም።

ከሰዓት በኋላ ተነሳሁና አልቀመጥም አልኩ። ቤተሰብ ወደ ክፍሉ ጠራኝ። «ችግር ካለ ቁጭ ብለን እንነጋገር» ብሎ ወንበር ሳበልኝ።

«ቆሜ ልንገርህ» አልኩት። «ለአንተ አይደለም የምነሳው። ለሻለቃም አልነበረም። ለወገቤ ነው።» ልጄ ከእጄ መውደቋን፣ ባለሙያዋ ያለችኝን፣ ሁሉም ሰው እንዴት ተሽሎት እንደነበር፣ ሁሉንም ነገርኩት። አዳመጠኝ፤ ከልቡ ነው ያዳመጠኝ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ይሄ የሁላችሁም ችግር ከሆነማ መመሪያ እናወጣለን!» አለና ተስፈንጥሮ ወጥቶ ቢሮው መካከል ቆመ። «ቤተሰብ! እስቲ በነፃነት፣ ወገቡን የሚያመው ሰው አለ?»

የአንጋፋው ቀበቶ ከሸሚዙ ሥር አብጦ ይታያል፤ አንጋፋው ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ትራሴ ከሦስት ትራሷ ላይ ሆና «ኧረ እኛ ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። ጋዜጠኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ወሬ አልነበረውም።

«አየሽ?» አለኝ ቤተሰብ እያዘነልኝ። «አንቺ ብቻ ነሽ።»

ለእኔ ሲል ግን ሥልጠና አዘጋጀ፤ ርዕሱ «ጤናማ አቀማመጥ» ነው። አዳራሽ ውስጥ፣ መደገፊያው በተሰነጠቀ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ሦስት ሰዓት ተቀምጠን ብዙ መቀመጥ ጎጂ መሆኑን ተማርን። እኔ ሰዓቴን አይቼ ግድግዳው ጥግ ስቆም፣ አሠልጣኙ ንግግሩን አቋርጦ፣ «እባክዎ ሌሎቹን አይረብሹ፤ ይቀመጡ» አለኝ። አልተቀመጥኩም።

ከዚያ ወዲህ አልጠይቅም፤ እነሳለሁ። በየሰላሳ ደቂቃው፣ ሁለት ደቂቃ፣ ብቻዬን። ወንበሬ ሲፍቅ አሁን የሚነሳ የለም፤ ስድስቱ ጀርባዎች ትንሽ ይነቃነቁና ወዲያው ይተውታል። ተናድጄባቸው ነበር፤ አሁን አሳዘኑኝ። ለሻለቃ በቀን አሥራ አምስት ጊዜ የተነሱ ሰዎች ናቸው።

የዓመቱ ምዘና ትናንት ደረሰኝ። ቤተሰብ በሁለት እጁ ሰጠኝና፣ «እንዳይከፋሽ፤ ለወደፊቱ ታሻሽዪዋለሽ» አለኝ። ለዕድገት ለመወዳደር ሰባ ያስፈልጋል። የእኔ ከመቶ ሃምሳ ስምንት ነው። ነጥብ የተቀነሰበት ምክንያት በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል፦ «በሥራ ገበታዋ ላይ ተረጋግታ አትቀመጥም።» አንብቤ ፈረምኩ።

ማታ ባሌ ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቶ አየውና «ሃምሳ ስምንት? ከመቶ?» አለኝ። አሥራ ስድስት ኪሎ የምትመዝን ልጅ አቅፌ ሳሎኑን እየዞርኩ ነበር፤ ሊያስተኛት እጁን ሲዘረጋ እንቢ አለችው።