ወደ ውስጥ የሚከፈት በር

አናጢውን ታላቅ ወንድሙ የሰደበው የዛሬ ሰባት ዓመት፣ ሐሙስ ዕለት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ቦታው ይኸው አሁን መሮ ይዞ የተንበረከከበት የወንድሙ መታጠቢያ ቤት በር ፊት ነው። ቤቱ ገና እየተሠራ ስለነበር ቧንቧ ሠሪውና ቀለም ቀቢው ቆመው ይሰሙ ነበር። ቀለም ቀቢው ሳቀ፤ እሱንም አልረሳውም።

"የመታጠቢያ ቤት በር ወደ ውስጥ ይከፈታል እንዴ? ሰው ወድቆ ቢዘጋው በየት ልትገባ ነው? ካንተ ጭንቅላት የምትጠርበው እንጨት ይሻላል።"

በሩን አዙሮ መግጠም ያኔ የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር። አናጢው ግን መሣሪያውን ሰብስቦ ወጣ፤ ወጣ ማለት ወጣ ነው። የእህታቸው ልጅ ሲዳር እንኳ ለወንድሙ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የበላው።

ዛሬ ያ ወንድሙ ውስጥ ወድቆ በሩን በሰውነቱ ዘግቶታል።

"ስንገፋው ይጮህ ነበር" አለች የወንድሙ ሚስት። "እግሩ ከበሩ ጋር ተጣብቋል መሰለኝ። አሁን ደግሞ ዝም አለ። ዝምታው ነው የገደለኝ።"

"አምቡላንስ ጠርተሻል?"

"መንገድ ላይ ነን ይላሉ። አንተን የጠራሁህ በሩን ስለምታውቀው ነው።"

ያውቀዋል። የታችኛው ሰሌዳ ስስ መሆኑን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ያኔ ጣውላ ሲያጥረው ትርፍራፊ አስገብቶ ቀለም አልብሶት ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ "ሥራዬን አዋረደብኝ" ሲል ኖሮ፣ ጉዱን በገዛ እጁ ሊገልጠው ነው።

መሮውን ከጠርዙ ሰክቶ በመዶሻ መታው። ሳተና አውራ ጣቱን አገኘው። እንደገና መታ። ሰሌዳው ተሰነጠቀ፤ በቀዳዳው እርጥብ ወለልና አንድ የሸበተ ጭንቅላት ታየው። መቼ ነው እንዲህ የሸበተው?

"ጋሼ።" ሰባት ዓመት "ያ ሰውዬ" ሲለው ነበር፤ ቃሉ አመለጠው። "ጋሼ፣ ትሰማኛለህ?"

እጁን ሰዶ አንገቱን ዳሰሰ። ይሞቃል።

"ጋሼ፣ እስቲ ስደበኝ። የፈለግከውን በለኝ።"

ዐይኑ ቀስ ብሎ ተገለጠ። "ቆየህ" አለ ወንድሙ።

"እግርህን ላንሳው ነው። ጥርስህን ነክሰህ ቻለው።"

በቀዳዳው እግሩን አቅፎ ወደ ጎን አሸሸው። ሚስቲቱ በሩን ገፋችና በጠባቡ ክፍተት ሾልካ ገባች።

የአምቡላንሱ ሰዎች ደርሰው ወደ ኮሪደሩ አውጥተው እግሩን ሲያስሩለት፣ ወንድሙ የተሰበረውን ሰሌዳ አየ።

"ትርፍራፊ ነው እንዴ ያስገባህልኝ?"

"እሱ ነው ያተረፈህ፤ ዝም በል" አለች ሚስቱ።

አናጢው ብሎኖቹን ፈትቶ በሩን ከማጠፊያው አወረደ። እርሳሱን ከጆሮው ላይ አነሣና በመቃኑ ላይ፣ በውጭ በኩል፣ ለማጠፊያዎቹ ሁለት ምልክት አደረገ። ከዚያ በሩን ተሸከመ።

"ወዴት ነው የምትወስደው?" አለ ወንድሙ ከቃሬዛው ላይ። "ነግሬህ አልነበር? ንገረኝ እንጂ፣ ነግሬህ አልነበር?"

የሰባት ዓመት መልስ አፉ ላይ ነበር። በሩ ግድግዳውን እንዳይፍቀው ትከሻውን አዘንብሎ ወጣ።